የወንዝ ዳር ልጆች፤ ዋና እንዴት እንደተማርን፣ ማን እንዳልተማረም

በጎንደር አገር የቤተ እስራኤልን መንደር የሚፈልግ እንግዳ ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ወንዝ ይከተል፣ ያገኘናል። ክርስቲያን ጎረቤታችን ቤቱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከፍ አድርጎ ይሠራል፤ እኛ ወደ ውሃው ዝቅ ብለን እንሠራለን። ያለ ወራጅ ውሃ ሕጋችን አይጠበቅማ! ሴት በወር አበባዋ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ ትቆይና ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃ ገብታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ወንድ ልጅ የወለደች በ40 ቀኗ፣ ሴት የወለደች በ80 ቀኗ እንዲሁ። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥና ውሃ ይገባል። ገበያ ውሎ ከሌላ ሕዝብ ጋር የተነካካ፣ ቤቱ ሳይገባ በፊት ወንዝ ይወርዳል። ዓርብ ማታ ደግሞ ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ፣ መንደሩ በሙሉ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ሰንበትን ይቀበላል። በዚህ የተነሣ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን ነበር። «እነሱ ውሃ ውሃ ይሸታሉ» የሚልም ነበር። ስድብ ነው፤ ግን ውሸት አይደለም።

እኔ የተወለድሁት በደምቢያ፣ ወደ መገጭ በሚገባ በአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። ዘመኑ 1942 ዓ.ም. ገደማ ነው ይላሉ። በመታወቂያዬ 1950 ተብሎ ተጽፏል፤ ወሩንና ቀኑን ግን የመዘገበኝ ሰው ከራሱ አምጥቶ ነው የሞላው። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ነው፤ ፊደል፣ ዳዊት፣ ኦሪት። ስለዚህ እንደ ዩኒቨርስቲ ሰው አልጽፍላችሁም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የአንድ ሰው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን እኛ ልጆች ሆነን ከውሃ ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ መልሱ አይገባችሁም።

ልጅ መጀመሪያ ውሃን የሚያውቀው በእናቱ ክንድ ነው። እናት ሕፃኑን ስታጥብ ፊቱ ላይ እፍ ትልበታለች፤ ያን ጊዜ ልጁ ትንፋሹን ይይዛል፤ ወዲያው ውሃውን በመዳፏ ከግንባሩ ላይ ታፈስሰዋለች። ማን እንዳስተማራት አይታወቅም፤ እናቷ እንዲህ ስታደርግ አይታ ነው። እዚህ አገር ሕፃናትን ብሬካ ውስጥ የምታለማምድ አንዲት አስተማሪ ልክ እንደዚያው እፍ ስትልባቸው ባየሁ ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ይህማ የእናቴ ነው!» አልሁ፤ በአማርኛ ስለሆነ የሰማኝ የለም።

ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ልጁ ከወንዙ ዳር፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ጠጠር ላይ ይቀመጣል። እናቱ እንዶድ እየወቀጠች ልብስ ታጥባለች፤ ታላቅ እህቱ ትጠብቀዋለች። (ስለ እንዶድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የብልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምተው እሱ ቀንድ አውጣ ነውና፣ እንዶድ መድኃኒት መሆኑ ከዚያ ታወቀ። እናቶቻችን ልብስ ብቻ የሚያነጡ ይመስላቸው ነበር።) በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚማረው መውደቅና መነሣት ነው። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ይወድቃል፤ ውሃ በአፍንጫው ይገባል፤ ያለቅሳል፤ ነገ ደግሞ ይመለሳል። እህቱ ግን ዓይኗን አትነቅልም። «ልጅ ውሃ ሲወስደው አይጮህም፤ ዝም ካለ ሩጪ» ይሏታል። ይህን እዚህ በዕብራይስጥ የነገሩኝ እንደ አዲስ ነገር አድርገው ነው። እውነት ነው፤ የሚሰምጥ ልጅ አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ በምን ይጮኻል? ለሕፃን ደግሞ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል።

አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ቅል ይሰጡታል፣ ውሃ ይቀዳል። ዓርብ ሥራው እጥፍ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ በሰንበት ውሃ መቅዳትን ይከለክላልና የሁለት ቀን ውሃ ዓርብ ከቤት መግባት አለበት። ልጁ ቅሉን ሲጠልቅ ውሃው እንዴት እንደሚጎትት በእጁ ያውቀዋል። ቅሉን ወደ ላይ አፉን ካዞረ ወንዙ ይነጥቀዋል፤ ወደ ታች አፉን ካዞረ ራሱ ይሞላለታል። ብዙ ቅል ለወንዙ ገብረናል፤ ብዙ አርጩሜም በልተናል።

ዋናው የሚጀምረው ከብት ስንጠብቅ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ላይ። ማንም «ና ላስተምርህ» አይልም። ትንንሾቹ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት በሆዳችን እንተኛለን፤ በእጃችን የወንዙን መሬት እየረገጥን በእግራችን እንራገጣለን። እንደ አዞ ነን፣ ደስታችን! በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ እንሄዳለን። አንድ ቀን እጅህ መሬት ያጣል፤ ግን አልሰመጥህም። እሱ ነው የውሻ ዋና። አፉ የተወተፈ ደረቅ ቅል ከደረቱ ሥር አድርጎ የሚለማመድም ነበር፤ ታላላቆቹ ግን ይስቁበታል፤ አንዳንዴም ቅሉን ይነጥቁታል። የእኔን ቅል የነጠቀኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ውሃ ጠጣሁ፣ ተራገጥሁ፣ ዳር ወጣሁ፤ በዚያው ዋና አወቅሁ። እናንተ ልጆቻችሁን እንዲህ አታድርጉ። ቅላቸውን ተነጥቀው ዳር ያልወጡም ነበሩ፤ ስለ እነሱ የሚጽፍ የለም እንጂ።

አሥር አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆን ልጅ ወንዙን ማንበብ ይጀምራል፤ እኔ ከዋናው ይልቅ ይህን ትልቅ ትምህርት እለዋለሁ። ሰማዩ ከራስህ በላይ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ድንገት ቡና ከመሰለ፣ የአፈር ሽታ ከሸተተህ፣ ቅጠልና አረፋ ይዞ ከመጣ፣ ላይ አገር ዘንቧልና ሳታስብ ውጣ። ደራሽ ውሃ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ምልክት ይልካል። አዙሪት ባለበት ላዩ ለስላሳ ነው፤ የሚጮኸው ውሃ ጥልቅ አይደለም። ሳታውቀው ቦታ በትር ሳትሰድድ አትግባ። ውሃ ከወሰደህ አትታገለው፤ እየተሰጠኸው በሰያፍ ወደ ዳር ቅረብ። ላሞቹን ስናሻግር የላም ጭራ ይዘን እንሄዳለን፤ ላም ራሷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ ወንዙ ወደ ታች እያወረዳት እንጂ ፊት ለፊት አትዋኝም። ከእሷ ነው የተማርነው ብል አላፍርም።

የኔታ፣ ያስተማሩኝ ቄስ፣ ሳንታጠብ መጽሐፍ አያስነኩንም ነበር። በጥር ብርድ ገና ጎሕ ሲቀድድ ወንዝ እንወርዳለን። እሳቸው ራሳቸው ግን ዋና አያውቁም ነበር፤ ይገቡና ተነክረው ይወጣሉ፣ ያ ነው።

አሁን ስለ ሴቶቹ ልጆች። እዚህ ላይ እጄ ይዘገያል።

ከእኔ በሦስት ዓመት የምታንስ እህት ነበረችኝ። እኛ ወንዶቹ ልብሳችንን ከቁጥቋጦ ላይ ጥለን ራቁታችንን እንገባለን፤ ሴት ልጅ እንዴት ትገባለች? የሴቶች መታጠቢያ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ፣ ከዓይን የተሸሸገ ነው፤ ውሃው ከወገብ አያልፍም። የሴት ውሃ መግባት ቆሞ ነው፤ ዝቅ ብሎ ራስን አጥልቆ መነሣት። ስለዚህ እህቴ ውሃን በየቀኑ ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር፤ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ እንስራ በጀርባዋ ናት። ውሃ የሞላ እንስራ አዝላ፣ በሰኔ ሙላት፣ እኔ በባዶ እጄ የምንገዳገድበትን መሻገሪያ ቀጥ ብላ ትሻገር ነበር። ድንጋዩን በእግሯ ጣት ትለየዋለች። ግን ሁልጊዜ እግሯ መሬት ላይ ነው። የሴት ልጅ ትምህርት ከወገብ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል፣ ከብት ልታግዘኝ መጥታ «አያ፣ እኔንም አስተምረኝ» አለችኝ። «ሴት ልጅ አትዋኝም» አልኋት። ሳቅሁባትም። አባታችን የከለከለ አይምሰላችሁ፤ አባታችን አልሰማም። እኔ ነኝ ያልኋት።

በ1976 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ በፈረንጆች 1984 መሆኑ ነው፣ መንደራችን ተነሣ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ናቸው። የእህቴ ባል ቀድሞ ሱዳን ገብቶ ነበር፤ እሷ የዓመት ከስድስት ወር ወንድ ልጇን አዝላ ከእኛ ጋር መጣች። በጭልጋ በኩል ቆላውን ወረድን፤ ሌሊት እንሄዳለን፣ ቀን ጫካ ውስጥ እንተኛለን። ሽፍታው ሁለት ጊዜ ዘረፈን። ስለዚህ መንገድ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ ስለ አንድ ወንዝ ብቻ እነግራችኋለሁ።

ጓንግ ከጭልጋ ወገን ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ሱዳኖች አትባራ ይሉታል። በበጋ አሸዋ ነው፣ ልጅ ይሻገረዋል። እኛ የደረስንበት ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ዓርብ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ውሃው ከደረት በታች ነበር። መሪዎቹ «አሁን እንሻገር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ሕፃንና ደካማ አለ፤ ግማሹ ሳይሻገር ሰንበት ይገባል። በሰንበት ደግሞ መንገድ አይኬድም። ቀሩ። ጫካ ውስጥ ሰንበትን ዋልን፣ ጸለይን። ቅዳሜ ከሰዓት በላይ አገር ጥቁር ደመና አየሁ፤ ምልክቱን አውቃለሁ። ምን ልበል? ለማን ልበል?

ሰንበት ወጥቶ ወደ ዳር ስንወርድ ወንዙ ሌላ ሆኗል። ጨለማ ቢሆንም የአፈሩ ሽታ ይመጣ ነበር። መሪዎቹ «ሲነጋ ወታደር ያገኘናል፤ መቆየት አይቻልም» አሉ። ጋቢዎቻችንን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን ገመድ ሠራን፤ ዋና የምናውቅ ወንዶች ስድስት ነበርን፤ ጫፉን ይዘን ማዶ ከዛፍ ጋር አሰርነው። ሽማግሌዎቹን፣ ሴቶቹን፣ ልጆቹን ጋቢውን እያስያዝን ማሻገር ጀመርን። ባለቤቴን አሻገርሁ። ልጆቼን አንድ በአንድ በትከሻዬ አሻገርሁ። ከዚያ ለእህቴ ተመለስሁ። መሐል ድረስ መጥታ ነበር፤ ልጇን አዝላ፣ እንደ ልጅነቷ ቀጥ ብላ፣ በእግሯ ጣት እየፈለገች። «ልጁን ውሰድ፣ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ። ወሰድሁት። አንገቴ ላይ አድርጌው ማዶ ወጣሁ፤ ለባለቤቴ ሰጠኋት። ዘወር ስል ጋቢው ላልቷል። ከመሐል አንዱ ቋጠሮ ተፈቷል።

አልጮኸችም።

ገባሁ። ወንዙ እንደሚያወርድ አውቃለሁና ወደ ታች ዋኘሁ፤ በእጄ ጨለማውን ዳሰስሁ። ሁለት ሰዎች አውጥተናል፤ እሷን አላገኘኋትም። በማግስቱ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ እንዲፈልግ ለመንሁ፤ መሪዎቹ አልፈቀዱም፤ እነሱም እውነት አላቸው። መቃብር የላትም። ያን ሌሊት የተፈታውን ቋጠሮ የቋጠረው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እኔም ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱን የቋጠርሁ እኔ ነኝና።

በኡም ራኩባ ጣቢያ ደግሞ የሚገድለን የውሃ ማነስና መቆሸሽ ነበር። የሕፃኑ አባት እዚያ በተቅማጥ ሞተ። በሱዳን መንገድና በጣቢያዎቹ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይሆናሉ፤ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው አለ፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሄዳለን። እኛን ያመጣን ዘመቻ ሙሴ ነው፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በፈረንጆቹ። ሙሴ ማለት ከውሃ የወጣ መሆኑን ኦሪት ይነግረናል። ያን ክፍል ሳነብ፣ እህቱ ከሩቅ ሆና ቅርጫቱን ስትጠብቅ ከሚለው ስደርስ፣ እስካሁን ድምፄ ይቆረጣል። ከእኛ በፊት ሌሎች ደግሞ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቀይ ባሕር፣ አሩስ ከሚባለው ዳርቻ አጠገብ፣ በባሕር ኃይል ወታደሮች የጎማ ጀልባ ሌሊት ተጭነው መጥተዋል። የባለቤቴ ዘመድ በዚያ ከመጡት ናት፤ ባሕር ማለት ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ወታደሩ እንደ ሕፃን ተሸክሟት ገብቶ ከጀልባው ላይ አስቀመጣት። «ወንዙ ማዶ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱ ግን ዕብራይስጥ ነው የሚያውቀው።

መርከዝ ክሊጣ ያስገቡን በናታንያ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ቀን ባሕሩን ሲያሳዩን ሴቶቹ ወደ ኋላ አሉ። እኔ ቀመስሁት፤ ጨው! ይህ ውሃ አይጠጣ፣ አይሻገሩት፣ ከብት አያጠጡበት፤ ለምን ይሆናል? አልሁ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1985፣ ሌላ ነገር መጣ። አንዳንድ የሃይማኖት ባለሥልጣኖች ለማግባት ሚቅዌ ግቡ፣ አይሁድነታችሁ ይረጋገጥ አሉን። እኛን! ውሃ ውሃ ይሸታሉ የተባልነውን! ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ኢየሩሳሌም ላይ ጎዳና ተቀምጠን ጮኸናል። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ።

ልጆቼን ባሕር እንዲገቡ አልፈቅድም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ። የእህቴን ልጅ፣ እኔና ባለቤቴ እንደ ልጃችን ያሳደግነውን፣ ከሁሉ ይልቅ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር እንዳይሄድ ዓርብ ዓርብ ሥራ እፈጥርለት ነበር። ዋና የማያውቅ ልጅ ባሕር አጠገብ ማሳደግ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ተደብቆ ሄዶ ማጺሉ ጎትቶ ባወጣው ቀን ነው። ባንዲራው ጥቁር ነበር። እንግዲህ ነጭ ባንዲራ ሲሆን ሰላም ነው፤ ቀይ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ደግሞ ክልክል ነው። ያን ጊዜ ማንም በአማርኛ አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማታ ልመታው እጄን አነሣሁና ቀረሁ። በማግስቱ ብሬካ ወስጄ አስመዘገብሁት፤ ደሞዜ የፋብሪካ ደሞዝ ነበር፣ ግን ከፈልሁ። ለሁለቱ ልጆቼም ከፈልሁ። ሴቷንም።

ከሰገነቱ ተቀምጬ አያለሁ። እዚህ ትምህርቱ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ከመራገጥ ጀመርን፤ እነሱ ከዝምታ ይጀምራሉ። አስቀድሞ ልጁ አፉን ውሃ ውስጥ ከትቶ አየር ይተነፍሳል፣ ውሃው ይንፈቀፈቃል። ቀጥሎ በጀርባው ተኝቶ መንሳፈፍ ነው፤ አስተማሪው ከማጅራቱ ሥር አንድ እጅ ብቻ ያኖርና ቀስ ብሎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ነው እግር፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ትንፋሽና ክንድን ማስማማት። የደከመ ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ ማረፍ እንደሚችል እኔ በዚያ ሰገነት ላይ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ተማርሁ። ወንዝ ዳር ያደግሁት ሰውዬ! እኛ ድካም የሚያሳርፍ ዋና አናውቅም ነበር። መሬት እስኪያዝ መራገጥ ነው።

ባሕሩንም እነሱ አስተማሩኝ። ባሕር ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት አለው፤ ማዕበሉ ከሁለቱም ወገን ሲሰበር መሐሉ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ሰው እዚያ ይገባል፣ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ወደ ዳር ፊት ለፊት አለመታገል፣ ወደ ጎን መዋኘት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ላሞቻችን ትዝ አሉኝ።

የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደግሞ የነገረችኝ አለ፤ የናታንያ አሸዋ ከዓባይ የመጣ ነው። እውነት ሆኖ አገኘሁት። ደለሉን ወንዞቹ ከኢትዮጵያ ደጋ ያወርዱታል፤ ዓባይም፣ አትባራም፤ ግብፅ ላይ ባሕር ይገባ ነበር፤ የባሕሩ ጅረት አሸዋውን በዳርቻው እየነዳ እስከ ሐይፋ ያደርሰዋል። አትባራ ማለት ጓንግ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ስሄድ ጫማዬን አወልቃለሁ። ለምን እንደሆነ የልጅ ልጄ ጠይቃኝ ሞቆኝ ነው አልኋት።

አሁን ጥያቄው። የእህቴ ልጅ ዛሬ በአሽዶድ የሚኖር፣ አራት ልጆች ያሉት ሰው ነው። «እናትህ መንገድ ላይ ሞተች» ብለነው ነው ያደገው፤ በመንገድ የሞተ ብዙ ነውና ከዚያ በላይ አልጠየቀም። አምና ትንሿ ልጁ ዋና ስትጀምር ለማየት አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ «አባ፣ እናቴ ዋና ታውቅ ነበር?» አለኝ። ከማን ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። አፌ ደረቀ። «ከእኔ ይልቅ ውሃ ታውቅ ነበር» አልሁት፤ ሌላ አልወጣኝም። እሱም ዝም አለ። ልጅቷ ያን ጊዜ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ታወዛውዘን ነበር።

ስለዚህ ጻፍሁ። ለማሳተም ከመስጠቴ በፊት አሽዶድ ሄጄ አነበብሁለት፤ ያልገባውን ወደ ዕብራይስጥ እየመለስሁ። «ሴት ልጅ አትዋኝም» ካልሁት ቦታ ስደርስ አቆመኝና «እንደገና አንብበው» አለኝ። እንደገና አነበብሁት። ተነሥቶ ውጭ ወጣ። ቆይቶ ሲመለስ ቡና ይዞልኝ መጣ። «ይታተም» አለኝ። «ግን ስሟን አትጻፍ፤ ስሟን ለልጄ እኔ እነግራታለሁ።» አልጻፍሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰው በውሃ ሰጥሞ እንደሞተ ጽፏል፤ ከስድስት ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ሁሉ መሠረታዊ ዋና እንዲማሩም ይመክራል። ይህን ያነበበልኝ ወንዱ የልጅ ልጄ ነው፤ የየሺቫ ተማሪ ነው። እሱ ሲጨምርልኝ፣ በታልሙድ ውስጥ አባት ለልጁ ካለበት ግዴታ መካከል ዋና ማስተማርን የሚጨምሩ ሊቃውንት አሉ አለኝ። እኛ ታልሙድ አልነበረንም፤ ኦሪት ብቻ ነበረን። «ለወንድ ልጁ ነው ወይስ ለሴትም?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጠይቄ እመጣለሁ አለኝ፤ እስካሁን አላመጣም።

ባለቤቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ያን ሌሊት ጋቢ ይዛ ከተሻገረች ወዲህ ከገላ መታጠቢያ በቀር ውሃ አልገባችም ነበር። የልጅ ልጃችን፣ ትልቋ፣ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ በሴቶች ሰዓት ብሬካ ትወስዳታለች። መጀመሪያ አንድ ወር ደረጃው ላይ ብቻ ተቀመጠች። ቀጥሎ እስከ ወገቧ ገባች፤ እዚያ ላይ ሁለት ወር ቆመች። ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጃችን እጇን ከማጅራቷ ሥር ቀስ ብላ አወጣች፤ ሳታውቅ አሥር እስኪቆጠር በጀርባዋ ተንሳፈፈች አሉኝ። እኔ አላየሁም፤ በዚያ ሰዓት ወንድ አያስገቡም። ውጭ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።